የዲፈረንሻል ክዳን ስትገዙ አክስሉን እንጂ የመኪናውን ስም አትከተሉ

የያዝኩት ፎርድ ኢ-150 ቫን ነው። የ1999 እ.ኤ.አ. ምርት፣ ከጨረታ የተገዛ። የድግስ ዕቃ አከራይበታለሁ፦ ድንኳን፣ የብረት ወንበር፣ አንዳንዴም ጀነሬተር። የኋላው አክስል፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን የሚይዘው አካል፣ ሥራ ይበዛበታል ማለት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ሁላችንም ያለንን ማቆየት ነው የያዝነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። አንድን ዕቃ ሁለቴ መግዛት አያዋጣም። የኋላውን ዲፈረንሻል ክዳን፣ ማለትም አክስሉ መሀል ያሉትን ጥርሶችና ዘይታቸውን ከኋላ የሚዘጋውን ሽፋን፣ ስቀይር ያየሁትን የምጽፈው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ማንን እንደማይመለከት ልናገር። ሃያስ የያዛችሁ፣ ዶልፊንም ይሁን አባዱላ፣ ሃይሉክስ ወይም አይሱዙ ኤንፒአር ያላችሁ ሰዎች እዚህ ጋ ማንበብ ብታቆሙ አልቀየምም። የእናንተ ዲፈረንሻል የሚፈታው ከፊት በኩል ነው። ካርዳኑ (ከሞተር በኩል የሚመጣው ረጅም ዘንግ) ይወልቃል፣ ሰሚያሶቹ (ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ዘንጎች) ይሳባሉ፣ ከዚያ ኮሮናውና (ትልቁ ባለ ጥርስ ቀለበት) እሱን የሚያዞረው ትንሹ ፒኞን ከነመያዣቸው አንድ ላይ ይወጣሉ። ከኋላ በኩል የምታዩት ክብ ነገር ተበይዶ የቀረ ላሜራ ነው፣ ብሎን የለውም። እሱ ካፈሰሰ ወደ ብየዳ ቤት እንጂ ወደ ዕቃ ቤት አትሄዱም።

ከኋላ በብሎን የታሰረ ክዳን ያላቸው በብዛት የአሜሪካ መኪኖች ናቸው፦ ፎርድ፣ ሼቭሮሌት፣ ጂኤምሲ፣ ዶጅ። መርሴዲስ ስፕሪንተርም አለው። የድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር 110 ሳልስበሪ የሚባለው የኋላ አክስል ካለው እሱም በአሥር ብሎን የታሰረ ክዳን አለው። መሀል ከተማ ውስጥ እነዚህ ጥቂት ስለሆኑ ሶማሌ ተራ ብትዞሩ መደርደሪያው ሁሉ ቶዮታና አይሱዙ ነው። ችግሩም እዚያው ይጀምራል።

ክዳን ከመግዛታችሁ በፊት ግን የሚያፈሰው በእርግጥ ክዳኑ መሆኑን እዩ። ይሄን የምለው ብዙ ጊዜ ስለማይሆን ነው። ካርዳኑ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለው ፓራዮሊዮ (ዘይት የሚያግደው ቀለበት) ካለቀ፣ ዘይቱ ከሚሽከረከረው ካርዳን እየተረጨ የቫኑን ወለል ከሥር ያረጥባል፣ ከዚያ ነፋስ ወደ ኋላ ይወስደውና ክዳኑ ላይ አቧራ ይዞ ይለጠፋል። ከሥር ተኝቶ በባትሪ ለሚያይ ሰው ጥፋተኛው ክዳኑ ይመስለዋል። የኋላ ጎማው ውስጠኛ ጎን ላይ ዘይት ካያችሁ ደግሞ የሰሚያሱ ፓራዮሊዮ ነው፣ እሱ የፍሬን ሸራ ስለሚያበላሽ ክዳኑን ትታችሁ ወደዚያ ሩጡ። ለመለየት ቀላል ነው። አክስሉን በናፍጣ አጥቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበትና ትንሽ ንዱት። ዘይቱ ፓውደሩ ላይ መስመር ይሠራል፣ መስመሩን ወደ ላይ ተከተሉት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ መካኒኮችም ብዙ የማያዩት። አክስሉ ቱቦ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች። ዘይቱ ሲሞቅ ውስጥ ያለው አየር ያብጣል፣ በእሷ በኩል ይወጣል። ጭቃ ከደፈናት አየሩ መውጫ ያጣና በደካማው ቦታ ይገፋል፤ ፓራዮሊዮም ሊሆን ይችላል፣ ክዳኑም። በዚህ ሁኔታ የዓለምን ምርጥ ክዳን ብትገዙ ብዙ ሳይቆይ ያው ላብ ያወጣል። የእኔን ስፈታት ውስጧ እንደ ሸክላ የደረቀ አፈር ነበር። በቀጭን ሽቦና በቤንዚን ጸዳች፣ በአፍ ሲነፋባት አየር አሳለፈች፣ አለቀ።

የእኔ ክዳን ግን በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር። ያበላሸው ክሪክ ነው። አንድ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ልጅ ክሪኩን ቱቦው ሥር በማድረግ ፈንታ ክዳኑ ጠርዝ ሥር አስገብቶ ወንበር የተጫነበትን ቫን አነሳው። የክዳኑ የታችኛው ከንፈር ታጠፈ። የሚያሳዝነው ግን ይሄ አይደለም። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶችም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸው ኖሮ ጠርዙ ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም ያለው ሲሊኮን ተደራርቦ ነበር፦ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀይ። የታጠፈ ከንፈር በሲሊኮን አይድንም። ክዳኑ ወደ ውስጥ ከተደፈጠጠ ደግሞ ጉዳዩ ከማፍሰስም ያልፋል፣ ምክንያቱም ኮሮናው ከክዳኑ ጀርባ በትንሽ ክፍተት ነው የሚሽከረከረው፣ ከነካው ላሜራውን ፍቆ ብናኙን ዘይቱ ውስጥ ይጨምራል፣ ብናኙ ደግሞ ዘንጎቹ የሚሽከረከሩበትን ኩሽኔታ ይበላል።

እሺ፣ እንግዲህ መግዛት ነው። የትኛውን?

የጽሑፌ ዋና ነገር እዚህ ነው። ክዳኑ የመኪናው ዕቃ አይደለም፣ የአክስሉ ዕቃ ነው። ፎርድ ኤፍ-150ን ውሰዱ። ስሙ አንድ ሆኖ የኋላ አክስሉ 8.8 ወይም 9.75 ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹ የኮሮናው ዲያሜትር ናቸው፣ በኢንች። የ8.8ቱ 224 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ የ9.75ቱ 248። የመጀመሪያው ክዳን በ10 ብሎን ይታሰራል፣ ሁለተኛው በ12። ስለዚህ «የኤፍ-150 ክዳን ስጠኝ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ የተለያየ ስም ያላቸው መኪኖች አንድ ክዳን ሊጋሩ ይችላሉ። የእኔ 8.8 ከድሮው ሙስታንግና ከ1995 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኤክስፕሎረር ጋር አንድ ነው። ከ2002 ጀምሮ ያለው ኤክስፕሎረር ግን የኋላ እግሮቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ስለሆነ ክዳኑ ራሱ ዲፈረንሻሉን ከሻንሲው ጋር የሚይዝ ወፍራም አልሙኒየም ነው፣ አይገናኝም።

ብሎን መቁጠርም ብቻውን አይበቃም። ፎርድ 7.5 ኢንች የሚባል ትንሽ አክስል አለው፣ ክዳኑ 10 ብሎን ነው፣ ቅርጹም ከ8.8ቱ ጋር ወንድማማች ነው፣ መጠኑ ግን ያንሳል። ሼቭሮሌት ላይ ደግሞ 9.5ቱም 10.5ቱም 14 ብሎን አላቸው፣ ክዳናቸው ግን አይቀያየርም። «ባለ 14 ብሎን» ብላችሁ ብትጠይቁ ዕድላችሁ ግማሽ በግማሽ ነው።

አክስሉን እንዴት ታውቃላችሁ? ፎርድ ላይ ከክዳኑ ብሎኖች አንዱ ሥር የታሰረች ትንሽ የቆርቆሮ ታርጋ አለች። ብዙ ሰው ቆሻሻ መስላው ይጥላታል። አጽዱና አንብቧት። የእኔ ላይ 3L73 የሚል አለ፣ ቀጥሎ 88። ይሄ ማለት ሬሾው (የኮሮናው ጥርስ ቁጥር ለፒኞኑ ሲካፈል) 3.73፣ መሀል ላይ ያለው ኤል ፊደል ሊሚትድ ስሊፕ፣ ማለትም አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚይዝ ዲፈረንሻል፣ መሆኑን የሚናገር፣ 88ቱ ደግሞ ባለ 8.8 ኢንች። መሀሉ ላይ ፊደል ከሌለ ተራ ዲፈረንሻል ነው። ይቺን ነገር ያዟት፣ ዘይት ስትገዙም ታስፈልጋችኋለች። ታርጋዋ ከጠፋች የሾፌሩ በር ጋ የተለጠፈው ወረቀት ላይ የአክስል ኮድ አለ። ሼቭሮሌትና ጂኤምሲ ላይ የኮዶቹ ወረቀት ብዙ ጊዜ ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ጂ80 የሚል ካለበት ራሱን የሚቆልፍ ዲፈረንሻል አላችሁ።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ካርቶን አዘጋጁ። አሮጌው ክዳን ሲፈታ ካርቶን ላይ አስቀምጡትና ዙሪያውን በእስክሪፕቶ አዙሩ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ምልክት አድርጉ። ይቺ ካርቶን ከየትኛውም ደላላ በላይ ሐቀኛ ናት። ሶማሌ ተራ ይዤያት ገባሁ።

«የፎርድ ዲፈረንሻል ከቨር አለ?»

«ሞልቶ! የሬንጀር ነው?»

«የኢ-150፣ ስምንት ነጥብ ስምንት።»

«ፎርድ ፎርድ ነው ጋሼ፣ ይገጥማል።»

አንድ አቧራ የጠጣ ክዳን ከላይ አወረደልኝ። ካርቶኑ ላይ ስናስቀምጠው ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ልክ ሆኑ፣ የጎኖቹ በአንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገቡ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለና «ቀዳዳውን በድሪል ብናሰፋው እኮ…» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ክፉ ልጅ አይደለም፣ መሸጥ ነው ሥራው። ግን ያለ ካርቶን ብሄድ «ይገጥማል» የሚለውን ይዤ ወደ ጋራዥ እሄድ ነበር። ልብ በሉ፣ እዚህ አገር በብዛት የምናየው ፎርድ ሬንጀር ታይላንድና ደቡብ አፍሪካ የሚሠራው ነው፣ የአሜሪካው የድሮ ሬንጀር ሌላ መኪና ነው። ስም ለስም አትገበያዩ።

ተስፋ ስቆርጥ አሮጌውን ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ። ሰውየው አገላብጦ አየውና እቅጩን ነገረኝ። ከንፈሩን ቀጥ ማድረግ እችላለሁ፣ በወፍራም ብረት ላይ አስተኝቼ በመዶሻ እመልሰዋለሁ፣ አዲስ ክዳን ሥራ ካልከኝ ግን ጠፍጣፋ ሳህን ነው የምሠራልህ፣ እንዲህ የጎበጠውን በእጅ አላወጣውም አለኝ። ጠፍጣፋ ደግሞ እኔ አልፈልግም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዲፈረንሻል ውስጥ ዘይቱ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኮሮናው የታችኛው ክፍሉ ዘይት ውስጥ ሆኖ ሲሽከረከር ዘይቱን ይዞ ይወጣል፣ የክዳኑ ጉብታ ደግሞ ያንን ዘይት እየመራ ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ፊት ወደ ፒኞኑ ኩሽኔታዎች እንዲሄድ ያግዛል። የፋብሪካው ክዳን ክብ የሆነው ላሜራ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ገበያ ላይ የሚያማምሩ፣ ከኋላቸው ጠፍጣፋ የሆኑ፣ ክንፍ ክንፍ ያላቸው የአልሙኒየም ክዳኖች አሉ። ካሊፎርኒያ ያለው ባንክስ የሚባለው ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. የተለያዩ ክዳኖችን በሚያሳይ መስታወት እየፈተሸ በቪዲዮ አቅርቦ ነበር፤ ጀርባቸው ጠፍጣፋ የሆኑት የዘይቱን ጉዞ እንደሚያውኩና አረፋ እንደሚያበዙ ነው ያሳየው። ባንክስ ራሱም ክዳን ይሸጣል፣ ስለዚህ የነጋዴ ቃል ነው ብላችሁ ጥቂት ቀንሱለት። ቢሆንም ቪዲዮው ላይ ዘይቱ ወዴት እንደሚሄድ በዓይን ይታያል፣ አመክንዮውም ልክ ነው። ሥራው ድንኳን መጫን ለሆነ ቫን ክቡ ይሻላል።

«አልሙኒየም ሙቀት ያወጣል» የሚለውስ? ያወጣል፣ ዘይትም ትንሽ ይጨምራል። ከባድ ተጎታች እየጎተተ ረጅም ዳገት ለሚወጣ ሰው ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ከሜክሲኮ ወደ ካዛንቺስ ሦስት ቦታ ቆሞ ለሚሄድ ቫን ግን ዲፈረንሻሉ ያን ያህል አይሞቅም። ከዚያ ሌላ አልሙኒየም ከባድ ነው፣ ወፍራም ስለሆነ ረዘም ያለ ብሎን ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ወደ ኋላ ስለሚወጣ ትርፍ ጎማው ሥር ወይም ማረጋጊያ ዘንጉ ጋ ይነካል። ኩሽኔታ መያዣዎቹን ከኋላ የሚደግፉ ሁለት ብሎን ያላቸውም አሉ። የውድድር ሰዎች ይወዱታል። እነዚያን ብሎኖች አጥብቆ የሚያስር መካኒክ እጅ ከገባ ግን ኩሽኔታው ላይ የማይገባ ጫና ያመጣል። አንጸባራቂ ኒኬል የተለበጡት ደግሞ ለፎቶ ነው፣ ልብጡ ጠርዙ ላይ መፋቅ ከጀመረ ሲሊኮኑ አብሮት ይነሳል።

እኔ የመረጥኩት ተራውን የታተመ ላሜራ ነው፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ከፋብሪካው ጋር አንድ ቅርጽ። ዶርማንን የመሰሉ ኩባንያዎች ይሠሩታል። አሜሪካ ውስጥ 40 ዶላር አካባቢ ነበር፣ አልሙኒየሞቹ ከመቶ በላይ። እህቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ አመጣችልኝ። ላሜራው ሁለት ሦስት ኪሎ ነው፣ ከ23 ኪሎ ሻንጣ ላይ ብዙ አይበላም። «ወንድሜ፣ ሰው ሽቶ ያስመጣል፣ አንተ ምጣድ» አለችኝ። ከእህት ይችላሉ።

ስታዝዙ ሦስት ነገር ጠይቁ። የመሙያው ቀዳዳ የት ነው? የእኔ አክስል ላይ መሙያው ከፊት በኩል አክስሉ አካል ላይ ነው፣ ስለዚህ ክዳኑ ቀዳዳ ባይኖረውም ግድ የለኝም። የእናንተ መሙያ ክዳኑ ላይ ከሆነ ግን አዲሱም ያንን በትክክለኛው ከፍታ ሊኖረው ይገባል፣ አለበለዚያ የዘይቱ ልክ ይዛባል። ሁለተኛ፣ ማፍሰሻ አለው ወይ? የፋብሪካው 8.8 የለውም፣ ዘይት ለመቀየር ክዳን መፍታት ነው። ማፍሰሻ ያለው ተራ ላሜራ ካገኛችሁ ውሰዱት። ሦስተኛ፣ ብሎን አብሮ ይመጣል? ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ አይደለም።

የአሜሪካ ብሎን ኢንች ነው። የ8.8ቱ 5/16 ነው፣ ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር። ለዓይን ከኛ 8 ሚሊ ብሎን ጋር አንድ ነው፣ በእጅ ስታስገቡትም ሁለት ዙር ይሄዳል። ጥርሱ ግን አይገጥምም፤ የ8 ሚሊው በጥርስና በጥርስ መሀል 1.25 ሚሊ ሲኖረው የኢንቹ 1.41 ነው። በቁልፍ ከገፋችሁት የአክስሉን ጥርስ ይበላዋል። ረዳቱ «ጠንከር አለ እንጂ ይገባል» ሲል ስሰማ ከቆምኩበት ነው የጮኽኩት። የጠፋ ብሎን ካለ ከአሮጌዎቹ አንዱን ይዛችሁ ኢንች ብሎን የሚሸጥ ሱቅ ፈልጉ። ቁልፉም ግማሽ ኢንች ነው፣ 13 ቁልፍ ይሠራል፣ ግን ትንሽ ይላወሳልና የዛገ ብሎን ጭንቅላት ጠርዙን ሊበላ ይችላል።

ክዳኑ እጃችሁ ሲገባ ወዲያው አትግጠሙት። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡትና በአራት ጎን በጣት ጫኑት። ቢወዛወዝ በመንገድ ታጥፏል። ከዚያ በጥፍራችሁ የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ ዳስሱ። ብዙ የተጠበቀ አሮጌ ክዳን እዚያ ጋ ጎድጎድ ይላል፣ ብሎኑ ላሜራውን ወደ ውስጥ ስለሚጎትተው፣ በቀዳዳና በቀዳዳ መሀል ደግሞ ክፍተት ይቀራል፣ ዘይቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከዋጋው በፊት ይሄን እዩ። መጠነኛ ከሆነ በመዶሻ ከጀርባው ቀስ ተብሎ ይመለሳል። የተበየደ ክዳን ግን ተዉት፣ ሙቀቱ ከንፈሩን ያጣምመዋል።

አልሙኒየም ወይም የማታውቁት ሥራ ከገዛችሁ የልጆች ፕላስቲሲን ውስጡ ለጥፋችሁ ያለ ሲሊኮን በጥቂት ብሎን አስራችሁ፣ ጎማውን በእጅ አዙራችሁ ፍቱት። ፕላስቲሲኑ ላይ የኮሮናው ጥርስ ምልክት ካለ ክፍተቱ ምን ያህል እንደቀረ ታያላችሁ።

መግጠሙ ላይ ከሁሉ በፊት የመሙያውን ብሎን ፍቱ። ከሁሉ በፊት። ዘይቱን አፍስሳችሁ፣ ክዳን ገጥማችሁ፣ በመጨረሻ መሙያው ዝጎ እምቢ ቢል ቫኑ ጋራዥ ውስጥ ማደሩ ነው። ክዳኑን ስትፈቱ የታችኞቹን ብሎኖች አውጥታችሁ የላይኞቹን ሁለቱን ግማሽ ተዉአቸው፣ ከዚያ ከታች በካቻቪቴ ፈልቅቁት፣ ዘይቱ ሳፋው ውስጥ በሥርዓት ይወርዳል። ሽታው ለሁለት ቀን ከልብስ አይለቅም፣ አስቀድማችሁ እወቁት።

ክፍት ሆኖ ሳለ ውስጡን አንብቡት። ማግኔት ላይ የሚገኝ ግራጫ ጭቃ፣ በጣት ሲታሽ ልስልስ የሚል፣ የተለመደ ማለቅ ነው። በጣት የሚያዝ ስንጥር ወይም የጥርስ ቁራጭ ካለ ክዳኑ ዋናው ችግራችሁ አይደለም። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ያኔ መተንፈሻዋን እንደገና አስታውሷት። የእኔ ጭቃ ብቻ ነበር፣ ጥርሶቹ ንጹሕ፣ ደስ አለኝ።

አሮጌውን ሲሊኮን ስትፍቁ ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። ፊቱ በሙሉ ከዘይት መጽዳት አለበት፤ በቤንዚን ጠርጋችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ከላይ በኩል አንድ ጠብታ ዘይት ወርዶ ያበላሸዋል፣ ደጋግማችሁ ጥረጉ። የሚቀባው ደግሞ ለሞተርና ለዲፈረንሻል የሚሆን፣ ዘይት የሚቋቋም ሲሊኮን ነው። የመስኮትና የሻወር ሲሊኮን አይደለም፤ እሱን ዘይት ያላቅቀዋል፣ ሲገጠም ግን ቆንጆ መስሎ ነው የሚታየው። ቱቦው ላይ ያለውን ቀን እዩ፣ ያለፈበት ሲሊኮን አይደርቅም። ጓርኒሲዮን (ተቆርጦ የተዘጋጀ ማሸጊያ) ካላችሁ ጓርኒሲዮኑን ብቻ፣ ሲሊኮን ከሆነ ሲሊኮን ብቻ። ሁለቱን መደራረብ አዲስ አበባ ውስጥ ልማድ ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ሲሊኮኑ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ጎን ይወጣል።

አንድ ወጥ መስመር፣ 4 ሚሊ አካባቢ ውፍረት፣ በብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጠኛ ጎን በኩል ሳይቋረጥ ይዞራል። መካኒኬ ክዳኑን በሙሉ እንደ ዳቦ ቅቤ ሊቀባው ሲል ከለከልኩት። ትርፉ ወደ ውስጥ ይጨመቅና ተቆርጦ ዘይቱ ውስጥ ይዋኛል። ከቀባችሁ በኋላ አትዘግዩ፣ ፊቱ ቆዳ ሳያወጣ ግጠሙት። ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ ሁሉንም፣ ከዚያ አንዱን ከታች፣ ተቃራኒውን ከላይ እያላችሁ በሁለት ዙር። የ8.8ቱ ልክ 45 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ የእናንተን ከመመሪያው እዩ። ቶርክ ቁልፍ የሌለው ጋራዥ ከሆነ አጭር ቁልፍ ይዞ በአንድ እጅ ይሰር፣ ቱቦ ሰክቶ ክንዱን ማርዘም የለበትም፤ ከንፈሩ የሚጎደጉደው በዚያ ነው። ታርጋዋንም ቦታዋ መልሱ።

ዘይት ለመሙላት አትቸኩሉ። ቱቦው ላይ የተጻፈውን ያህል ይድረቅ፣ ማደር ከቻለ ይደር። እኔ ማታ አስገጥሜ ቂርቆስ ያለው ጋራዥ አሳደርኩትና ጠዋት ሞላን። ዘይቱ ጂኤል-5 የሚል (የዲፈረንሻል ዘይት ደረጃ ነው) ይሁን፤ ውፍረቱ እንደ መኪናው ነው፣ 80ደብሊው-90 ብዙ አሮጌ አክስል የሚፈልገው ነው፣ አንዳንዱ 75ደብሊው-140 ይላል። ሊሚትድ ስሊፕ ካላችሁ ተጨማሪው ፈሳሽ ወይም ራሱ ዘይቱ ለሊሚትድ ስሊፕ የሚል ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ጠባብ መዞሪያ ላይ ከኋላ ይንቀጠቀጣል፣ እናንተም ክዳኑን ትጠረጥራላችሁ። የእኔ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ወሰደ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ዘይቱ መሙያው ቀዳዳ ሥር ትንሽ ዝቅ ብሎ ከቆመ ይበቃዋል። እስኪፈስ መሙላት ደግነት አይደለም፣ ትርፉ አረፋ ሠርቶ በመተንፈሻዋ ይወጣል።

ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ ከሥሩ ግቡና በነጭ ሶፍት ዙሪያውን ጥረጉት። ሶፍቱ ደረቅ ከወጣ ተዉት። የክዳኑን ብሎን ለማጥበቅ አትመለሱ፣ የደረቀ ሲሊኮን እንደገና ሲጫን ይሰነጠቃል። ትንሽ እርጥበት ካለ ደግሞ መስመሩ የት ጋ እንደጀመረ በፓውደር ፈልጉት፣ ምናልባት ከላይ ከሲሊኮኑ ትርፍ ላይ የቀረ አሮጌ ዘይት ብቻ ሊሆን ይችላል። የቦሎ ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት ይሄን ጨርሱት፣ አክስሉንም እጠቡት፤ ንጹሕ አክስል ላይ አዲስ ዘይት ከታየ ወዲያው ይለያል።